ከአልጋዬ እስከ በሩ የሚሄድ ባቡር

ወረታ ባቡር የላትም። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙባት፣ ከባድ መኪናው እንደ ከብት ተሰልፎ የሚያድርባት፣ ባጃጁ ከዝንቡ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ባቡር ግን የላትም። እኔ አለኝ። ከአልጋዬ ግርጌ ይነሳል፣ በጠረጴዛው ሥር ይሾልካል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከበሩ ወዲያ ሐዲድ የለም፤ ጭቃ ነው።

ስንት ፉርጎ አለህ ሲሉኝ እንደ ጠያቂው እመልሳለሁ። ለከተማ ሰው አሥራ አንድ፣ ለገጠር ሰው አርባ፣ ለቀረጥ ሰው ምንም። እውነቱ አሥራ አንድ ነው። እያንዳንዱ ከክንዴ ትንሽ ይረዝማል። አሥራ አንዱን ያገናኘኋቸው እንደሆነ ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል፤ ባቡሩ ሲነሳ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን ባቡር በዓለም ላይ የለም።

መተዳደሪያዬ ቆርቆሮ ነው። ቀን ቀን አሸንዳና የከሰል ምድጃ እሠራለሁ፤ ቁራጩ ፉርጎ ይሆናል። ከሱቅ ተገዝቶ የገባበት ነገር የለም፤ ሁሉንም ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በይጄ ነው። ግድግዳው የዘይት ቆርቆሮ ነው። መስኮቱ የውኃ ላስቲክ፣ አግዳሚው የዋንዛ ስንጥር፣ የእግሩ ዘንግ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ። ወረታ ውስጥ ጃንጥላ የተሰበረበት ሰው ወዳጄ ነው፤ ክረምት ላይ ነፋስ ሲነሳ ለሰው አዝናለሁ፣ ለራሴ ደስ ይለኛል። ሐዲዱ ስድስት ቁጥር ፌሮ ነው። እንጨት ቦርቡሬ አጋደምኩትና በውጭ በኩል በታጠፈ ምስማር ያዝኩት።

መንኮራኩሩን ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ካሮት እከትፋለሁ፤ በላዩ ላይ የለስላሳ ቆርኪ እመታበታለሁ። ቆርኪው ከእንጨቱ ሰፋ ስለሚል ከንፈር ይሆነዋል። ባቡርን ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ያ ከንፈር ነው። እኔ ቆርኪውን የመታሁት በውጭ በኩል ነው፣ እንዲያበራ። የባጃጅ ልጆች ጎማቸውን የሚያስጌጡት በውጭ አይደል? ጌጥ ለማን ተብሎ ይደበቃል?

ባቡሬ ግን አይሄድም ነበር። ማለቴ፣ ሁለት ክንድ ያህል ይሄድና አንዱ ምስማር ቆርኪውን ያዝ ያደርገዋል፤ ፉርጎው እንደ ሰካራም ዘንበል ይልና ይወድቃል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ «ዛሬ ጥገና ላይ ነው» እላለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ጥገና ላይ ነበር።

ሩዝ ከሚያበቅል ሜዳ መሃል ቁጭ ብለህ ባቡር ምን አሳሰበህ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው ድሬዳዋ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሥራ ፍለጋ ወረድኩና ምድር ባቡር ላይ ጠራጊ ሆንኩ፤ ስምንት ወር። ባቡሩ ጧት ሲገባ መጥረጊያና ባልዲ ይዤ እገባለሁ። ሦስተኛ ማዕረግ ላይ ከአግዳሚ ሥር ያለውን ቆሻሻ ቆሞ መጥረግ አይቻልም፤ በሆድ ተኝቶ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ። ሰው ፉርጎን በመስኮቱ ያውቀዋል፤ እኔ ከወለሉ ነው የማውቀው። ሲሄድ ግን አንድ ቀን አልተሳፈርኩበትም። ጠርጌ እወርዳለሁ፣ እሱ ይሄዳል።

አገሬ የገባሁ ዕለት መገናኛው ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ የአባቴ ዘመድ አገኘኝ።

«ምን ስትሠራ ቆየህ?»

«ባቡር ላይ ነበርኩ» አልኩት። እውነት ነው።

«ነጂ ሆነህ?»

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። በዘመዴ ፊት ላይ የነበረው ደስታ ግን የሚነካ አልነበረም። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እስካሁን ድረስ የዋሸሁት እኔ አይደለሁም እላለሁ፤ የዋሸው ዝምታዬ ነው። ዝምታዬ ግን ብቻውን አልቆየም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደ። ዓመት ሳይሞላ፣ ባቡር መብራት ጠፍቶበት በዓይኔ ብርሃን ነድቼዋለሁ። ፍሬን ተበጥሶ እግሬን አውጥቼ አቁሜዋለሁ፤ ጫማዬ አለቀ እንጂ ሰው አልሞተም። ሐዲድ ላይ የተኛ ግመል አልነሳም ሲለኝ ወርጄ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ለምኜው፣ ከነቤተሰቡ ተነስቶልኛል። ስሜ ቀረና «ሾፌሩ» ተባልኩ።

ሚስቴ ያገባችኝ ስቃ ነው። ስድስት ዓመት ሳቀች። በሰባተኛው፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አንድ ነገር እውነት ንገረኝ፤ አንድ ብቻ» አለችኝ። አሰብኩ። እያሰብኩ ሳለ ዕቃዋን ጠቅልላ ደብረ ታቦር እናቷ ዘንድ ሄደች። እስካሁን እያሰብኩ ነው።

የመጀመሪያውን ፉርጎ የሠራሁት እሷ በሄደች በሳምንቱ ነው፤ የተወችው የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሬን ዘግቼ እቆርጣለሁ። ሰው ያንኳኳል፣ ይገባል።

«ሾፌር፣ ዛሬ ወደየት ነው?»

«ወደ ጅቡቲ።»

«ለአማቴም ቦታ ያዝላት። መመለሻ አትቁረጥ።»

ይስቃል፣ እስቃለሁ፣ ይወጣል። እንደኔ ቤት ሰው የሚበዛበት ቤት ወረታ ውስጥ የለም፤ እንደኔም ሰው የሌለው የለም። በአንዱ ፉርጎ ውስጥ ሦስተኛው አግዳሚ ከሌሎቹ ለምን አጠረ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። መልሱን ይዤ አሥራ አምስት ዓመት ጠበቅኩ።

አምና፣ የሩዝ አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ ከቁሐር ሚካኤል አንድ ገበሬ ወደ ሱቄ መጣ። ረዥም፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ንግግሩ በስፍር ነው የሚወጣው።

«አሸንዳ ፈልጌ ነበር፣ አያ ሾፌር። አሥራ ሁለት ክንድ።»

«ለማን ቤት?»

«ለእኛው። አጎቴ መጥተው አዲስ ቤት ሠራንላቸው። አርባ ዓመት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ኖረው፣ ጡረታ ወጡና አገሬ ልሙት አሉ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ያንተን ነገር ስነግራቸው እንዴት ደስ አላቸው መሰለህ። ‹ነጂዎቹን አንድ ባንድ አውቃቸዋለሁ፤ ማን ይሆን?› አሉ።»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ።

ነገሩን እዚያው ቆሜ አሰላሁት። ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ያንን አግዳሚ የሚያውቅ አንድ ሰው መጣ። ውሸቴን የሚያውቅም ሰው ያው እሱ ነው። ከሄድኩ የማወራው ሰው አገኛለሁ፣ ስሜን አጣለሁ። ከቀረሁ ስሜ ይተርፋል፤ እኔና ስሜ ብቻችንን እንቀራለን።

ቀረሁ። አሸንዳው በአንድ ቀን አለቀ፤ እኔ አራት ወር አቆየሁት። መጀመሪያ ቆርቆሮ ጠፋ አልኩ። ቀጥሎ እጄን ቆረጥኩ አልኩና ለማስመሰል በጨርቅ ጠመጠምኩት፤ ቀኙን ይሁን ግራውን ረስቼ በየሳምንቱ አቀያይረው ነበር። ከዚያ ሐዘን ጀመርኩ። በዚያ በጋ ብቻ ስድስት የእናቴን ወንድሞች ቀበርኩ፤ እናቴ ወንድም የላትም። ገበሬው በየቅዳሜ ገበያው እየመጣ «እግዜር ያጥናህ» ይለኛል፣ ይሄዳል። ትዕግሥቱ ከስድብ ይብስ ነበር።

በመጨረሻ፣ ሰማዩ በርብ በኩል መጥቆር ሲጀምር፣ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ።

«አያ ሾፌር፣ ክረምቱ ገባ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ያው እንደምታየው…»

«አሸንዳውስ ይቆይ። አጎቴ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ‹ያንን ፉርጎ ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው› ይላሉ። ለሚካኤል እንጠብቅሃለን።»

የምቀብረው አጎት አልቆብኝ ነበር። ሄድኩ።

አንድ ባጃጅ ጠርቼ ከባለቤቱ ጋር አሸንዳውን ጣሪያው ላይ አሰርን፤ ከፊትም ከኋላም እንደ ጦር ወጥቶ ወረታን ለሁለት ሰነጠቃት። ያ አግዳሚው ያጠረበት ፉርጎ በካርቶን ሆኖ ጭኔ ላይ ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ አሸንዳውን በትከሻዬ፣ ካርቶኑን በብብቴ ይዤ በሩዝ እርሻው ድንበር ላይ ተራመድኩ። መሬቱ ገና ደረቅ ነው፤ ስንጥቁ ጥጃ ይውጣል። ከብቱ ሁሉ ቀና እያለ ያየኝ ነበር። የፎገራ ላም ብዙ ነገር አይታለች፤ ባቡር ይዞ በእግሩ የሚሄድ ነጂ ግን አላየችም።

ስደርስ ቤተሰቡ ቅዳሴ ላይ ነበር። እፎይ ብዬ መሰላል አቆምኩና አሸንዳውን መስቀል ጀመርኩ። ሰቅዬ ሰዉ ሳይመለስ እሄዳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሁለተኛውን ምስማር ስመታ ከታች ድምፅ ሰማሁ።

«ነጂው አንተ ነህ?»

አጭር፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ መዶሻው ድምፅ አቅንተው ቆመዋል። ጉልበታቸው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ስለማያደርሳቸው ቤት ቀርተው ኖሯል።

«አሸንዳ ሰቃዩ ነኝ» አልኩ።

«ውረድ።»

ወረድኩ። መደቡ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ካርቶኑን ከፍቼ ፉርጎውን ሰጠኋቸው። ሰው ሁሉ ፉርጎዬን ሲያይ መስኮቱን ነው የሚያየው። እሳቸው ገለበጡትና ሆዱን ዳበሱ።

«እኔ አርባ ዓመት በመዶሻ የባቡር እግር ስመታ ነው የኖርኩ» አሉ። «ደህናው እንደ ደወል ይጮሃል። የተሰነጠቀው እንደ ገል። ሌላ ሥራ አላውቅም።» አውራ ጣታቸው ቆርኪው ላይ ቆመ። «ይኼ ከንፈር በውጭ ነው።»

«እንዲያምር ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ሐዲዱ እንዲያደንቅልህ? ከንፈር በውስጥ ነው። እንዲህማ ከሆነ ይወጣል።» ፊታቸውን ቀና አደረጉ። «ይወጣል አይደል?»

«ይወጣል» አልኩ።

አፌ ላይ ቀላል ነበር። ነጂ የነበረ ሰው ይህን እንደማይስት እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ፉርጎውን አቀኑና አንድ ጣታቸውን በበሩ አስገብተው ከአግዳሚዎቹ ሥር መዳበስ ያዙ። በሰም ጠብታ የሠራኋትን አገኙ።

«ማስቲካ?»

«ማስቲካ።»

ጣታቸው ሄደች። መጀመሪያው አግዳሚ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እዚያ ላይ ቆመች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ለካች።

«ይኼ አጥሯል።»

አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኳት ጥያቄ መጣችና፣ መልሷ ስሜን ይዞ የሚሄድ ሆነ።

«የባልዲው ቦታ ነው» አልኩ።

«የጠራጊው ባልዲ» አሉ።

ጣሪያውን ነካኩና «እዚህ ላይ የደረደርካቸው ምንድን ናቸው?» አሉኝ። ከራሴ እንደፈጠርኩት ነገርኳቸው፤ ጣሪያውን በደንብ አይቼው አላውቅም። «እኔም አላየሁት» አሉ። «ሁልጊዜ ከታች ነበርኩ።»

ሌላም ልንባባል ነበር። ግን ቅዳሴው ወጣና ግቢው በአንድ ጊዜ ሞላ። የሚካኤል ማኅበር በዚያ ወር የእነሱ ቤት ተራ ኖሯል። ቄሱ ገቡ፣ ጎረቤቱ ገባ፣ ሴቶቹ ጠላ መቅዳት ጀመሩ። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ሲቆረስ ያ ቁጥቡ ገበሬ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«በሉ፣ ሁለት የባቡር ሰው ተገናኘ። አያ ሾፌር፣ እስቲ የግመሉን ንገራቸው።»

«የግመሉንስ እኔም በሰው በሰው ነው የሰማሁት» አሉ ቄሱ፤ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ግመሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ጭነቱን ሁሉ ጭኖ። ሽማግሌው ፉርጎውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ናቸው፤ ፊታቸው ወደኔ አልዞረም። ግመሉን ብናገር ዝም እንደሚሉልኝ አወቅኩ። አጋልጠው አይሰጡኝም ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ስለ ሦስተኛው አግዳሚ አንድ ቃል አናወራም።

«ግመል የለም» አልኩ። «ነጂ አልነበርኩም። ጠራጊ ነበርኩ፤ ስምንት ወር።»

ግቢው ፈረሰ። በሳቅ።

«ጠራጊ!» አለች አንዷ ጠላ ቀጂ፤ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠችው። «ኧረ ይኼ ሰውስ አይቻል!»

«ግመሉን ከነጭነቱ ጠርጎት ነዋ!» አለ ሌላው።

«እውነቴን ነው» አልኩ። ባሰባቸው። «በሚካኤል» አልኩ፣ በገዛ ደጁ፣ በገዛ ቀኑ። ቄሱ ጢማቸውን ይዘው «ተው እንጂ ልጄ፣ በመልአክ አይቀለድም» አሉ፤ ዓይናቸው በሳቅ እንባ ሞልቶ። ሠላሳ ዓመት ዋሽቼ የሚታመን ሰው ነበርኩ። አንዲት እውነት አውጥቼ የሚያምነኝ አጣሁ።

ያልሳቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

«የጧቱን ነበር የምትጠርግ የማታውን?» አሉኝ፣ እንደ ሥራ ጓደኛ፣ ቀስ ብለው።

«የጧቱን።»

«የጧቱ ቆሻሻው ይበዛ ነበር።»

«የብርቱካን ልጣጭ።»

«ገረባም።»

«ገረባም፣ አባባ።»

በያንዳንዱ ቃል ግቢው ይስቃል፤ ለሰዉ ሽማግሌውም ቀልዱን የያዙልኝ መሰለው። እኛ ሁለታችን እዚያ ሳቅ መሃል ተቀምጠን ስለ ቆሻሻ አወራን። ስሄድ ፉርጎውን ሰጡኝና «ከንፈሩን ወደ ውስጥ አዙረህ አምጣው» አሉኝ።

ሰማዩ ግን ሳምንት አልሰጠኝም። ርብም ጉማራም ሞሉና ፎገራ ጣና ሆነ። ቁሐር ያሉት ቤቶች እያንዳንዳቸው ደሴት ሆኑ፤ ያ በድንበሩ ላይ የሄድኩበት መንገድ ስንት ክንድ ውኃ እንዳለበት ለመለካት የገባ እንጨት እስካሁን አልወጣም ይባላል። ይባላል ያልኩት እኔ ነኝ። ወረታ ደግሞ አዲስ ስም አውጥታልኛለች። ነገሩ ከቁሐር በገበያተኛ አፍ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ፣ ሰው በሬን ሲከፍት «ጠራጊው፣ ዛሬ ምን ጠረግክ?» ይላል። ከሾፌሩ ይልቅ ጠራጊው አሳቃቸው። እስቃለሁ። ይወጣሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ ስለማይሰማ ብዙ አልተጎዳሁም።

ቆርኪ ስነቅል ከረምኩ። በአንድ ፉርጎ ስምንት፣ በአሥራ አንድ ፉርጎ ሰማንያ ስምንት። መንቀሉ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ሲሰነጠቅ ሌላ ቅርንጫፍ እከትፋለሁ። አዲሱን ቆርኪ በውስጥ ስመታው የሚያበራው ጎን አይታይም። አሁን ፉርጎዎቼ ከውጭ ሲታዩ እግራቸው ጥርብ እንጨት ብቻ ነው፣ ድሃ ይመስላሉ። ሲያልቁ ሐዲዱ ላይ አላስቀመጥኳቸውም። ብቻዬን ላያቸው አልፈለግኩም።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አፍታ ያዝ ሲያደርግ፣ ስልኬ ጮኸ። ገበሬው ነው።

«አጎቴ ሊያናግሩህ ነው» አለና ሰጣቸው።

መጀመሪያ ትንፋሻቸው መጣ። ከዚያ ድምፃቸው። «ዓይኔ አሁን ብርሃንና ጥላ ነው የሚለየው» አሉኝ፤ ስለ ሌላ ሰው ዓይን እንደሚያወሩ ሆነው። «ውኃው እስኪጎድል አይጠብቀኝም። አዞርከው?»

«አዞርኩት፣ አባባ።»

«ሞከርከው?»

«አልሞከርኩም።»

«እንግዲያ ግፋው።»

«በስልክ እኮ ነው ያለነው።»

«አውቃለሁ። ስልኩን ከሐዲዱ አስጠጋው።»

ስልኩን አልጋዬ ግርጌ ሐዲዱን ከያዙት እንጨቶች በአንዱ ላይ አኖርኩና ድምፁን ከፈትኩት። ያንን ሦስተኛው አግዳሚ ያጠረበትን ፉርጎ አመጣሁ። ገፋሁት። ፌሮው ላይ እንጨት ሲንከባለል የሚሰማው ድምፅ የእህል ወፍጮ ከሩቅ እንደሚሰማው ነው። የመጀመሪያውን ምስማር አለፈ። የወትሮ መውደቂያውን አለፈ። በጠረጴዛው ሥር ገብቶ ጠፋና በወዲያ በኩል ወጣ። በሩን ነካና ቆመ።

«ቆመ?» አለ ስልኩ።

«ቆመ።»

«የት ላይ?»

«በሩ ላይ።»

«አልወጣም?»

«አልወጣም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ጎንበስ ስል፣ በእሳቸው በኩል ውኃው ግድግዳ ሲመታ ሰማሁ።

«መልሰው» አሉ።

ወደ በሩ ሄድኩና ፉርጎውን ገፋሁት። እሳቸው ሲመጣ ይሰሙታል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሲሄድ አየዋለሁ።